ለግል ትምህርት ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ምን ይገዛል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ ወላጅ ሁሉ የሚያወራው አንድ ወሬ ነው። የምዝገባ ወሬ። የት ስንት ጨመረ፣ የማን ልጅ የት ገባ፣ ሰርቪሱ ስንት ሆነ፣ ዘንድሮስ ልጆቹን ወደ መንግሥት ልመልሳቸው ይሆን? በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጥያቄ ይዘለላል። ያን ሁሉ ብር የምንከፍለው በትክክል ለምኑ ነው? «ለትምህርት ጥራት» የሚለው መልስ ከአፋችን ቶሎ ይወጣል። እኔ ይህን መልስ እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚገዛቸው እውነተኛ ነገሮች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ግን ከእነሱ መሀል የምናስበውን ያህል ድርሻ የለውም።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከውጤት ስለሆነ እኔም ከዚያ ልነሳ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። በ2015 አንድም ተማሪ ማሳለፍ ያቃታቸው ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ኩረጃው ሲዘጋ ምን እንደቀረ አገር ሁሉ አየ።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «ያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የወደቀው» ማለት ቀላል ነው። ግን አዲስ አበባን ተመልከቱ። የግል ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከመንግሥቶቹ በሚበልጥባት በዚህች ከተማ እንኳን፣ ውጤቷ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ ቢሻልም፣ አብዛኛው ተማሪ ግማሹን አላመጣም። ለዓመታት በየወሩ የተከፈለላቸው ብዙ ልጆች ከወደቁት መሀል ነበሩ። ይህን በደንብ መነጋገር ነበረብን። አልተነጋገርንም።

አዎ፣ በአማካይ የግሎቹ ተማሪዎች የተሻለ ያመጣሉ። እሱን አልክድም። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው። ትምህርት ቤቱ ስላስተማራቸው ነው ወይስ መጀመሪያውኑ የሚገቡት ልጆች የተለዩ ስለሆኑ? የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ነገር አስቡት። በየዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ከሚያስመዘግቡት ውስጥ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወላጅን ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቁም። የመቀሌው ቀላሚኖ ለምሳሌ የትግራይ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጎበዙን ተማሪ በፈተና መርጠው ነው የሚወስዱት። ጥሩ እንደሚያስተምሩ አልጠራጠርም፤ ግን ከውጤታቸው ውስጥ ምን ያህሉ የማስተማሩ፣ ምን ያህሉ የመምረጡ እንደሆነ ከማሳለፍ ቁጥራቸው ብቻ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ብዙ የግል ትምህርት ቤትም በራሱ መንገድ ይመርጣል። ገና ፊደል ላልቆጠረ ሕፃን የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ አለ። ወደኋላ የቀረውን ልጅ «ለእሱ ሌላ ቦታ ይሻለዋል» ብሎ ወላጁን የሚመክር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍያው ራሱ ይመርጣል። መክፈል የሚችል ቤት ብዙ ጊዜ የተማረ ወላጅ ያለበት፣ መጽሐፍ የሚገዛበት፣ ልጁ ሳይራብ የሚያድግበት፣ ማታ የቤት ሥራ የሚያሳየው ሰው የማይጠፋበት ቤት ነው።

ይህን ለመለየት ከተደረጉት ጥናቶች ውስጥ እኔን በጣም ያሳመነኝ የህንዱ ነው። ካርቲክ ሙራሊዳራንና ቬንካቴሽ ሱንዳራራማን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት መንደሮች ያደረጉት ነው። የግል ትምህርት ቤት ክፍያቸው እንዲሸፈንላቸው ያመለከቱ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን በዕጣ ለዩ። ዕጣው የወጣላቸው ወደ ግል ገቡ፤ ያልወጣላቸው አብዛኞቹ በመንግሥት ቀሩ። በዕጣ ስለሆነ ሁለቱ ቡድኖች ሲጀምሩ ልዩነት አልነበራቸውም። ከአራት ዓመት በኋላ ሲፈተኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በቴሉጉና በሒሳብ ልዩነት አልተገኘም። የግሎቹ የበለጡት በሂንዲ ነበር፤ የመንግሥቶቹ ሂንዲ ብዙም አያስተምሩም ነበርና። ለግሎቹ ፍትሐዊ ለመሆን ሁለት ነገር ልጨምር። ያንኑ ውጤት ያመጡት በአንድ ተማሪ ከመንግሥት ሲሶ ባልሞላ ወጪ ነው፤ ለቴሉጉና ለሒሳብ የሰጡት ጊዜም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ሰነፎች አልነበሩም። ነገር ግን «ልጄን ወደ ግል ባስገባው ሒሳብ ጎበዝ ይሆንልኛል» ያለ ወላጅ በዚያ አካባቢ የጠበቀውን አላገኘም። በሀብታሞቹ አገሮችም የ15 ዓመት ልጆች የሚወስዱት የፒሳ ፈተና ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የቤተሰብ የኑሮ ደረጃ ሲታሰብ የግሎቹ ብልጫ በአብዛኛው ይጠፋል።

የእኛ አገር ህንድ አይደለችም። የእኛን ልዩነት የሚያሰፉ የራሳችን ነገሮች አሉን።

አንደኛው ኬጂ ነው። የግል ተማሪው አንደኛ ክፍል ሲደርስ ሦስት ዓመት ኬጂ ተቀምጧል። እርሳስ መያዝ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ መምህር ሲናገር ማዳመጥ ለምዷል። የመንግሥቱ ልጅ ለረጅም ጊዜ ከቤት ተነስቶ ቀጥታ አንደኛ ክፍል ይገባ ነበር። በኋላ የአንድ ዓመት ኦ ክፍል መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ነገሩ በጣም ተሻሽሏል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የቅድመ አንደኛ ክፍሎች አሉ። ከከተማ ወጣ ሲባል ግን ያው የድሮው ነው። ሁለቱ ልጆች አንደኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ሲለኩ የምናየው ልዩነት በአብዛኛው ከመጀመሪያው ቀን በፊት የነበረውን ነው።

ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጅ በእውነት የሚከፍለው ለዚህ ስለሆነ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳቡም ሳይንሱም እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይሄድና 7ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በትምህርት ዓይነትነት ብቻ ሲማረው የነበረው እንግሊዝኛ በአንድ ክረምት ውስጥ የሁሉ ትምህርት መማሪያ ይሆንበታል። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ባዮሎጂው ከብዶት አይደለም፤ ጥያቄው ምን እንደሚል አልገባውም። የግሉ ተማሪ ይህን ገደል ቀድሞ ተሻግሮታል፤ ከኬጂ ጀምሮ ሰምቶታል፣ ተናግሮበታል። ማትሪክ በእንግሊዝኛ፣ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ፣ የሥራ ፈተናው በእንግሊዝኛ በሆነበት አገር ወላጅ ለዚህ ብሎ ቢከፍል ልክ ነው። ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

የሚያሳዝነኝ እንግሊዝኛው የሚገኝበት መንገድ ነው። ልጁ ሀሁን ሳይለይ ኤ ቢ ሲ ዲ ይጀምራል። በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር የሚያስቀጣበት ትምህርት ቤት አለ። አራተኛ ክፍል ደርሶ የአማርኛ ጋዜጣ ርዕስ ፊደል በፊደል እየቆጠረ የሚያነብ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ አጥርቶ የሚያነብ ግን ያነበበውን ንገረኝ ሲባል ዝም የሚል ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ከባድ አይደለም። ሁለት ቋንቋ ያውቃል ይባላል፤ ሐሳቡን አንድ ገጽ መጻፍ የሚችልበት ቋንቋ ግን አንድም የለውም። ልጅ ማንበብ የሚማረው በሚገባው ቋንቋ ሲሆን ቶሎ ነው፤ አንዴ ከቻለበት በኋላ ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሄዳል። በዚህ ላይ የመንግሥቱ አካሄድ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው። ችግሩ አፈጻጸሙ ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው የ10 ዓመት ልጅ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን 90 በመቶ ያህሉ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ብቻውን አላዳነንም፤ የሚያነበው መጽሐፍ በእጁ የሌለው ልጅ በየትኛው ቋንቋ ነው ማንበብ የሚለምደው?

ሦስተኛው ጊዜና ክትትል ነው። ለእኔ የክፍያው ትልቁ ትርጉም እዚህ ጋ ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር ሲቀር ዳይሬክተሩ ያውቃል፤ ወላጅም ማታውኑ ይሰማል። ኮሙኒኬሽን ቡክ አለ፣ የቤት ሥራው ይታረማል፣ ልጁ ሲጎዳ ስልክ ይደወላል። እናትና አባት ሁለቱም ከጠዋት እስከ ማታ በሚሠሩበት ቤት ልጁ በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ መመለሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኮቪድ የመጣ ጊዜ ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ታየ። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ለመንግሥት ተማሪዎች የተዘረጋው ዋናው መንገድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበር። ስማርት ስልክ በሌለበት ቤት ያ የትምህርት ጊዜ በአብዛኛው ባዶ አለፈ።

በመምህሩ ዕውቀት በኩል ግን ሚዛኑ ወደ ግሉ ያጋደለ አይመስለኝም። የመንግሥቱ መምህር ከመምህራን ኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲ በሙያው ተመርቆ የገባ ነው፤ የደረጃ ዕድገት አለው፣ ጡረታ አለው፣ ሥራው ዋስትና አለው፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። በየግሉ ደግሞ መምህሩ በዓመት መሀል ጥሎ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው፤ በጥቂት መቶ ብር ልዩነት። ልጁ በአንድ ዓመት ሦስት የሒሳብ መምህር ያያል። ከዚህም በላይ ጠዋት መንግሥት አስተምሮ ከሰዓት ግል የሚያስተምር መምህር ብዙ ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ ዕውቀቱም አንድ ነው። የሚለየው ፊቱ የተቀመጠው ልጅ ብዛት፣ ከኋላው ያለው ቁጥጥርና በቀኑ መጨረሻ የቀረው ጉልበት ነው። በክፍል 60 እና 70 ልጅ ተቀምጦ ደብተር ማረም የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ የመንግሥት መምህሩን መውቀስ ነውር ነው።

አሁን ወላጅ ብዙም መስማት ወደማይወደው ነገር ልምጣ። የግል ትምህርት ቤት ንግድም ነው። ደንበኛ እንዳይቀየም ይፈልጋል። ልጁ ካርድ ላይ 95 ሲያመጣ ወላጅ ደስ ይለዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይመዘገባል። 55 ካመጣ «ያን ሁሉ ከፍዬ!» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ፈተናው ከመድረሱ በፊት ጥያቄው ራሱ «ሪቪዥን» ተብሎ የሚሰጥበት ቦታ አለ። ክፍሉ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ከ90 በላይ ሆኖ ይገኛል። ሚኒስትሪ ላይ ወይም 12ኛ ላይ ከውጭ የመጣ ፈተና ሲመጣ ነው እውነቱ የሚወጣው፤ ያኔ ደግሞ መሽቷል። ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት እየሠሩ ለልጆቻቸው፣ ለእህት ልጆቻቸው የሚከፍሉ እናቶችና አክስቶች አሉ። በስልክ የሚደርሳቸው የዚያ ካርድ ፎቶ ነው። ላባቸውን አምነው የላኩት በዚያ ቁጥር ነው። ይህ ነገር ከልቤ ያናድደኛል። በመንግሥት በኩል ደግሞ ሌላ በሽታ አለ። በ1986ቱ ፖሊሲ የመጣው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያለ ፈተና የማዛወር አሠራር፣ ድጋፍ አብሮት ባለመሄዱ፣ ማንበብ ያልቻለውን ልጅ ዝም ብሎ ወደ ላይ ሲገፋ ኖረ። ሁለቱም ጋ ወላጅ እውነቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲወራ የሚረሳ ደግሞ አለ። ሜዳው። ብዙ የግል ትምህርት ቤት በተከራየው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሳሎኑ ክፍል፣ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፤ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ተጨናንቀው ይቆማሉ። የቆዩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሰፊ ግቢ አላቸው፣ ዛፍ አላቸው፣ ልጅ ይሮጥባቸዋል። ከዚያ ደግሞ ምገባው አለ። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማደል ጀመረች። በእኔ ግምት በዚህች ከተማ ለትምህርት ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። የተራበ ልጅ አይማርም፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የኑሮ ውድነቱ ሲበረታ ልጆቻቸውን ከግል ወደ መንግሥት የመለሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ሲመልሱ ያፈሩበት ነገር ሊያሳፍራቸው አይገባም ነበር።

ምክንያቱም «የመንግሥት ትምህርት ቤት» ማለት የድሃ ትምህርት ቤት ማለት ሆኖ አልተጀመረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ሲመረቅ፣ በኋላም እቴጌ መነን፣ መድኃኔ ዓለም፣ ጀኔራል ዊንጌት ሲመጡ የአገሪቱ ምርጥ ተማሪዎች የሚገቡት እነሱ ጋ ነበር። የሚኒስትሩም የገበሬውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። በደርግ ዘመን የግሎቹ ተወረሱ፤ የ1986ቱ ፖሊሲ መልሶ በሩን ከፈተ። በሩ መከፈቱ ጥፋት አልነበረም። መንግሥት ብቻውን ያን ሁሉ ልጅ ማስተናገድ አይችልም ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ የሚያስተምሩ፣ ባለቤቶቻቸው ከልባቸው የሚለፉ የግል ትምህርት ቤቶች ዛሬም አሉ። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። በስብሰባ ላይ ተነስቶ «የ4ኛ ክፍል መምህር ለምን አልተመደበም?» ብሎ የሚጠይቀው ወላጅ፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ የሚመላለሰው፣ ክፍለ ከተማ ድረስ አቤት የሚለው፣ እሱ ልጁን ይዞ ወጣ። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚወስነው ባለሥልጣንም፣ ትምህርት ቢሮ የሚሠራው ባለሙያም፣ ብዙ ጊዜ የመንግሥት መምህሩ ራሱም ልጁን ግል ነው የሚያስተምረው። ወተመህ የሚባለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት በወረቀት ላይ ሥልጣን አለው፤ የሚመጡት ወላጆች ግን ዳይሬክተሩን ለመሞገት የሚያፍሩ፣ ያንን ቀን የሥራ ደመወዝ የሚያጡ እናቶች ናቸው። ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ሲያወጣላቸው 4ኛ ላይ የተገኙት ከአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለዚህ ጉዳይ ሊጮህ የሚችለው ሰው ሁሉ ልጁን ሌላ ቦታ አስቀምጧል።

ይህ ሁሉ የከተማ ወሬ መሆኑን አውቃለሁ። ገጠር ያለ ገበሬ ምርጫ የለውም፤ ያለው አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ እሱም በጦርነቱ ካልተዘጋ። ለዚያ ገበሬ የመንግሥት ትምህርት ቤት መሻሻል የልጁ ብቸኛ ዕድል ነው።

ምርጫ ላላችሁ ግን ሳትመዘገቡ የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። የሕንፃውን ቀለምና የኮምፒውተር ክፍሉን ተዉት። ባለፈው ዓመት ስንት መምህር ለቀቀ? የልጄን ክፍል የሚይዘው መምህር እዚህ ስንት ዓመት ሠራ? በክፍል ስንት ልጅ አለ? የ6ኛና የ8ኛ ክፍል የከተማ አቀፍ ፈተና ውጤት ስንት ነው፣ ከራሳችሁ ካርድ ጋርስ ምን ያህል ይራራቃል? የመጨረሻውን ሲጠየቅ የሚሸሽ ዳይሬክተር ብዙ ነገር ነግሯችኋል። ክፍያው ከቤቱ የምግብ ወጪ ላይ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ አትክፈሉ። ጥሩ ዳይሬክተር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በአካባቢያችሁ ካለ እዚያ አስገቡትና ከተረፈው ገንዘብ ጥቂቱን ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ የንባብ መጻሕፍት፣ ጥቂቱን ለእንግሊዝኛ አስጠኚ አውሉት፤ ከ7ኛ ክፍል በፊት ያለውን ጊዜ አታባክኑ።

ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ የማያውቀውን አንድ ገጽ ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ መጀመሪያ በአማርኛ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ ምን እንደሚል ጠይቁት። በራሱ ቃል ከነገራችሁ ካለበት አታንቀሳቅሱት፣ የግልም ይሁን የመንግሥት። ካልቻለ ካርዱን አስቀምጡና መምህሩን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ በዚያው ሳምንት።